ጠመንጃ ያነገተው ቢላዬ

ቢላ መምረጥ ቀላል ነገር ይመስላችኋል አይደል? እኔም ይመስለኝ ነበር። ሽንኩርት የሚከትፍ፣ ዳቦ የሚቆርስ፣ ሥጋ የሚዘለዝል፤ አለቀ። ቢላው ሽንኩርትም ዳቦም ሥጋም ሳይነካ፣ የሰው ዓይን ሳያርፍበት፣ በቀሚስ ስር ወገብ ላይ ታስሮ፣ ከበላዩ ሕፃን ታቅፎ ባቡር የሚሳፈር ከሆነ ግን፣ እመኑኝ፣ ባል መምረጥ ይቀላል። ባል ቢያንስ ስትቀመጡ ጎናችሁን አይወጋም። አንዳንዱ ካልሆነ በስተቀር።

ነገሩ የሆነው ባቡሩ በአቃቂ በሚያልፍበት፣ ሰዓታችንን በፉጨቱ በምናስተካክልበት ዘመን ነው። ባለቤቴ ታደሰ ሀዲድ ጠጋኝ ነበር። እኔ የበኩር ልጄን ወልጄ ገና አራስ ነኝ። ወጉ የበኩር ልጅ በእናት ቤት እንዲወለድ ነበር፤ የኔ እናት ግን ሞጆ ሆና ዓይኗ ሞራ ጋርዶታል፤ እንኳን እኔን ልታርስ የራሷን ደጃፍ የምትወጣው ግድግዳ እየዳበሰች ነው። ስለዚህ እዚሁ አቃቂ፣ አማቴ ቤት ተወለደ።

ልጁ ክርስትና ሳይነሳ ከሞጆ መልእክት መጣ። «አንዱ ዓይኔ ጨርሶ ሄዷል። ሁለተኛውም ጭስ ጭስ እያለኝ ነው። ፊቱን ሳላየው እንዳይጨልምብኝ ልጅሽን አምጪልኝ።» ይኸው ነው። እናቴ ነገር ማስረዘም አታውቅም፤ ነገር የማስረዘም ጸጋ ወደ እኔ የመጣው ከአባቴ ነው።

አማቴን እማማ ጥሩነሽን ላስተዋውቃችሁ። ቁመታቸው አጭር፣ ድምፃቸው የባቡር ፉጨት። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ሲወዱ ግን እንደ ጥብቅ መቀነት ነው፣ ይደግፍሻል እንጂ አያስተነፍስሽም። መልእክቱን ሰምተው ዝም አሉ። እሳቸው ዝም ሲሉ እኛ ቤት ድመቷ ሳትቀር ትደነግጣለች።

«እናት ናት፤ መሄድ አለብሽ» አሉ በመጨረሻ። «ግን አራስ ያለ ብረት ከደጅ አትወጣም። አንቺ ደግሞ ከደጅ ብቻ አይደለም፣ ወንዝ ልትሻገሪ ነው። ብረት ሳትይዢ ንቅንቅ አትይም።»

ይህን ልማድ የማያውቅ ወጣት አንባቢ ካለ፦ አራስ ሴት ብቻዋን አትተውም፤ ለሽንት እንኳ ከቤት ስትወጣ ቢላም ሆነ ሌላ ብረት ትይዛለች። ክፉ ነገር ብረት ይፈራል ይባላል። እኔ ራሴ አምን ነበር ወይስ አላምንም? ቀን ቀን አላምንም። ልጄ ተኝቶ ትንፋሹ ሲረቅብኝ ግን፣ እንኳን ቢላ መጥረቢያም ታቀፊ ብትሉኝ እታቀፋለሁ።

ባለቤቴ ሳቀ። «እማዬ፣ ባቡሩ እኮ ራሱ ብረት ነው! ሀዲዱ ብረት፣ እግሩ ብረት፣ በሩ ብረት። ብረት ሆድ ውስጥ ተቀምጣ ሌላ ብረት ምን ያደርግላታል? ያን ሁሉ ፉርጎ ንቆ አንዲት ቢላ የሚፈራ ሰይጣን የት አለ?»

«ባቡሩ ነው እሷን የሚይዛት፤ እሷ ባቡሩን አትይዘውም» አሉ እማማ ጥሩነሽ። «የያዛትና የያዘችው አንድ ነው? አንተ ሀዲድህን ጠግን።»

ታደሰ ሀዲዱን ሊጠግን ሄደ። እኔም አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ፊደል የቆጠርኩት በራሴ ጥረት፣ ዕቃ በተጠቀለለበት ጋዜጣ ላይ ነው፤ ብዙ ነገር አንብቤያለሁ፤ እንደዚህ ያለ ክርክር ግን አንድም ጋዜጣ ላይ አላየሁም።

ምርጫው ተጀመረ።

መጀመሪያ የቀረበው የቤታችን የሥጋ ቢላ ነው። የአውራ በግ ማወራረጃ። በመቀነቴ ውስጥ ሲገባ ጫፉ ጉልበቴን፣ እጀታው ብብቴን ነካ። እንደ ሰልፈኛ ወታደር ቀጥ ብዬ ግቢ ውስጥ ስንጎራደድ ጎረቤት አየችኝና «ወንድ ወለደችና ኮራች!» ብላ አለፈች። እማማ ጥሩነሽ «ተቀመጪ» አሉኝ። «እማማ፣ ከተቀመጥኩ ልጅዎ ሚስት አይኖረውም» አልኳቸው። ቢላው ወደ ማጀቱ ተመለሰ።

ሁለተኛው የታደሰ ሰንጢ ነበር። ትንሽ፣ ታጣፊ፣ ኪስ የሚገባ። ደስ አለኝ። እማማ ጥሩነሽ ግን ከፈት ከደን፣ ከፈት ከደን አደረጉትና ራሳቸውን ነቀነቁ። «ይሄ የተኛ ዘበኛ ነው።»

«ሲያስፈልግ ይከፈታላ፣ እማማ።»

«ክፉው ነገር ሲመጣ 'አንድ ጊዜ ቆይልኝ፣ ጥፍሬ አልያዘልኝም' ልትዪው ነው?»

እውነት ለመናገር ሰንጢው ጥፍር ሰባሪ ነበር። ያንን እንኳ እንዴት አወቁ?

ሦስተኛው ያችው ጎረቤት ከሳሪስ የገዛችው ባለ ጥርስ የዳቦ ቢላ ነው። ቀጭን፣ ቀላል፣ ወገብ ላይ ሲታሰር የማይታወቅ። በጨርቅ ጠቅልዬ አሰርኩት፤ ለልምምድ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ አጥር ድረስ ሄድኩ። በየእርምጃዬ አንድ ነገር ክርክር ክርክር ይለኛል። እኔ የልጄ ሆድ የሚጮህ መስሎኛል። ለካስ ቢላው ሥራውን ነው የሚሠራው፤ ጨርቁን ጨርሶ መቀነቴን እየገዘገዘ ነው! አጥሩ ጋ ስደርስ መቀነቴ ሁለት ቦታ ተበጥሶ እግሬ ስር ወደቀ። ቢላው ከነጥርሱ ከላዩ ላይ ተጋድሞ የሚስቅብኝ መሰለኝ። ቀሚሴን በአንድ እጅ፣ ልጄን በአንድ እጅ፣ ቢላውን በምን እንደያዝኩት አትጠይቁኝ።

በዚህን ጊዜ እማማ ጥሩነሽ ነጠላቸውን አጣፍተው ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ወዳለው ብረት ቀጥቃጭ ወሰዱኝ። ሰፈራችን ያን ሰው ዓይኑን ይፈራዋል፤ ማረሻ የሚያሠራው እንኳ ፊቱን አዙሮ ነው። ከክፉ ዓይን የሚጠብቀኝን ብረት ዓይኑ ይፈራል ከሚባል ሰው ልንገዛ የመሄዳችን ቀልድ የገባው ለእሱ ብቻ ነበር። «የሚፈሩትም እኔን፣ የሚጠበቁትም በእኔ!» አለና ከት ብሎ ሳቀ። እማማ ጥሩነሽ ግን ፊታቸውን አላዞሩም፤ ትክ ብለው እያዩት «አሪፉን አምጣ» አሉት።

አመጣ። እናንተዬ! እኔ የወርቅ ቤት መስታወት አይቼ አውቃለሁ፤ እንዲህ ግን አልሆንኩም። ከአሮጌ መኪና ባሌስትራ ብረት የተቀጠቀጠ ካራ ነው፤ ርዝመቱ ከመዳፌ አያልፍም። ስለቱ ላይ የሰማዩ ደመና ሲያልፍ ይታያል። እጀታው የበሬ ቀንድ ሆኖ ብርሃን ሲመታው ማር ይመስላል። አፎቱ ለስላሳ ቆዳ። የተሰበረ የጭነት መኪና እንዲህ ዓይነት ነገር ሆዱ ውስጥ ይዞ በየመንገዱ ሲንገጫገጭ እንደኖረ ሳስብ፣ ከዚያ ቀን ወዲህ መኪና በንቀት አይቼ አላውቅም። በእጄ ስይዘው ትንሽ ወፍ የያዝኩ መሰለኝ።

«እንዳያዩብሽ» አሉኝ እማማ ጥሩነሽ በመንገድ ላይ። «የታየ ብረት ለሰው ነው። ለማይታየው የሚሆነው ያልታየው ብረት ነው። ደግሞ ከወገብሽ እንዳይለይ።»

ቤት ስንደርስ ልምምድ ሆነ። እማማ ጥሩነሽ በርጩማቸው ላይ ተቀምጠው ያዛሉ፦ «ተቀመጪ! ተነሺ! ልጁ አለቀሰ፣ አጥቢ! ግራ ጡት! አሁን ቀኝ! ደረጃ ውጪ!» ደረጃ ስለሌለን አልጋው ላይ እወጣለሁ። ልጄ ግራ ጡት ይወድ ነበርና ተረከዙ በቀኝ ያሰርኩትን እጀታ ሲረግጠው ካራው ይዞራል። ወደ ግራ አዛወርነው። ሦስት ልብስ ከላይ ሲደረብ፣ ቀሚስ፣ ነጠላ፣ ጋቢ፣ ካራው ጠፋ። እኔ ራሴ ዳብሼ አጣሁት። እማማ ጥሩነሽ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አሉ።

የጉዞው ቀን መላው ቤተሰብ ጣቢያ ወጣ። ባቡሩ ቆሟል፤ ሰው ግን አይገባም። ለካስ በቀደመው ጉዞ ሁለት ሰካራሞች ፉርጎ ውስጥ በቢላ ተፈላልገዋል፤ አሁን ማንኛውም ስለት ያለው ነገር እንዳይሳፈር ተከልክሏል። በሩ ላይ አንድ ረጅም ፖሊስ ጠመንጃውን አንግቶ፣ ጆንያ ዘርግቶ ወንዱን ሁሉ «ያለህን አስገባ» ይላል። ሴቶችን አይነካም፤ «እለፉ እናቶች» ብቻ ነው።

እኔ ማለፍ ነበረብኝ። አላለፍኩም። ጆንያው አስገረመኝ።

ምን ነበር መሰላችሁ! በየቀኑ ሰላምታ የምንሰጣቸው ሰዎች ናቸው። መቁጠሪያ የያዙ ሽማግሌ «እግዚአብሔር ይመስገን» እያሉ ከካባቸው ስር ክንድ የሚያክል ጎራዴ መሰል ነገር መዘዙ። ከረባት ያሰረ መምህር ከካልሲው ውስጥ አወጣ። ሙሽራ የመሰለ ጎረምሳ ከወገቡ፣ ከኪሱ፣ ደግሞ ከባርኔጣው! ቢላ በቢላ ላይ ሲወድቅ ጆንያው እንደ ጸናጽል ይጮሃል። ይህ ሁሉ ብረት በየሰው ልብስ ውስጥ ተኝቶ ነው «እንዴት አደራችሁ» ስንባባል የኖርነው? ሰው ምን ያህል ጨዋ ነው! ያለውን ሁሉ ይዞ፣ ምንም ሳያደርግ መኖሩ! በግርምት ጎንበስ ብዬ ወደ ጆንያው አየሁ።

ጎንበስ ማለትን ግን አልተለማመድንም ነበር።

ካራዬ ከአፎቱ ሹልክ ብሎ ወረደ፤ አፎቱ ቀሚሴ ውስጥ ቀረ፤ ስለቱ የፉርጎው የብረት መወጣጫ ላይ አርፎ «ቅጭል!» አለ። የጣቢያው ሰው ሁሉ ዞረ።

ፖሊሱ አነሳው። ስለቱን አየ፣ እኔን አየ። «ይሄ የማን ነው?»

«የኔ።»

«ለምን ያዝሽው?»

«አራስ ነኝ።»

ይህን ስለው ፊቱ ተቀየረ። እሱም የሰው ልጅ ነው፤ እሱንም ያረገዘችና የወለደች፣ ብረት ይዛ ከደጅ የወጣች እናት አለችው። ቢላውን ወደ ጆንያው ሊጥለው ዘረጋ፣ ተወው፣ ሊሰጠኝ ዘረጋ፣ ተወው። «ትዕዛዝ ነው፣ እህቴ። ስለት አይገባም። ለአንቺ ካስገባሁ ለእኚህ አባት ምን እላለሁ?» መቁጠሪያ የያዙት ሽማግሌ «እኔም ብትፈቅድልኝ አልጠላም» አሉ።

ባቡሩ ፊሽካ ነፋ። ቢላውን ካልያዝኩ እማማ ጥሩነሽ አይለቁኝም፤ ከያዝኩ ፖሊሱ አያስገባኝም፤ ባቡሩ ካመለጠኝ ሌላው እስኪመጣ የእናቴ ዓይን ይጠብቀኛል ወይ? ታደሰ «እማዬ፣ ስለ ማርያም፣ ትሂድ፣ ባቡሩ ብረት ነው!» እያለ ይለምናል። እኔ እንባዬ መጣ።

እማማ ጥሩነሽ ሰው እየገፉ ወደ ፊት ወጡ። የፖሊሱ ቀበቶ ጋ ይደርሳሉ። አንጋጠው አዩት።

«አንተ ልጅ፣ ያነገትከው ምንድነው?»

«ጠመንጃ ነው፣ እማማ።»

«ብረት ነው እንጨት?»

«ብረት… ግማሹ እንጨት።»

«ግማሹ ይበቃታል። ከባቡሩ ጋር ትሄዳለህ?»

«አጃቢ ነኝ፣ እሄዳለሁ።»

«እንግዲያው ቢላዋን ከወሰድክባት፣ አንተ ቢላ ሁናት። እናቷ እጅ እስክትገባ እንዳትለያት።»

ፖሊሱ ተረከዙን ገጭ አድርጎ «እሺ፣ እማማ!» አለ። ለአዛዡም እንደዚያ የሚል አይመስለኝም። እኔ ጆሯቸው ስር «ግን የታየ ብረት ለሰው ነው ብለውኝ…» ስል «ዝም በይ! ባቡር እየሄደ ሕግ አይጠየቅም» ብለው ወደ ላይ ገፉኝ። እስከ ዛሬ በእኚያ ሴትዮ እደነቃለሁ።

የፖሊሱ ስም አስር አለቃ ገመቹ ነው። ካራዬን በመሀረብ ጠቅልሎ ቀበቶው ውስጥ ሻጠው፤ ከፊት ለፊቴ ጠመንጃውን በጉልበቱ መካከል አቁሞ፣ ቀጥ ብሎ ተቀመጠ። ቢላ ሆኖ አያውቅምና እንዴት እንደሚሆን ግራ ሳይገባው አልቀረም፤ ዓይኑን እንኳ አያርገበግብም። ለሽንት ስነሳ ይነሳል፣ በሩ ላይ ጀርባውን ሰጥቶ ይቆማል፣ መኖሩን እንዳውቅ «እህም» ይላል። ስወጣ ተከትሎኝ ይመጣል።

የፉርጎው ሰው ይህን አየ። አቃቂ ላይ የሆነውን ያላየ ምን ያውቃል? ከጎኔ የተቀመጡ አሮጊት ከቋጠሯቸው ቆሎ ዘግነው መዳፌ ላይ አደረጉልኝና «አይዞሽ ልጄ፣ እስር ቤትም ሰው ይኖርበታል» አሉኝ። ከኋላዬ ሹክሹክታ ተነሳ። ዱከም ስንደርስ ባሌን በዱላ መትቻለሁ። ከዱከም ስንነሳ ገድዬዋለሁ። ደብረ ዘይት ላይ የወረዱት «የመጀመሪያ ባሏንም እሷ ናት አሉ» እያሉ ወረዱ። አሮጊቷ ቆሏቸውን ቀስ ብለው ወደ ራሳቸው ሰበሰቡ።

ድልድይ ላይ ስንደርስ አስር አለቃ ወደ እኔ ጎንበስ ብሎ «አሁን ምን ላድርግ?» አለኝ በሹክሹክታ።

«እማማ ወንዝ ላይ ብረቱን ንኪ ብለውኛል።»

«እንግዲያው ንኪያ።»

ልጄን በአንድ ክንዴ አስጠግቼ፣ በአንድ ጣቴ የጠመንጃውን አፈሙዝ ነካሁ።

«ልትነጥቀው ነው!» አለ አንዱ። ፉርጎው ሙሉ ወንበር ስር ገባ። አሮጊቷ ከነቆሏቸው ጋቢዬ ውስጥ ተሸጎጡ፤ ከገዳይዋ ሸሽተው ገዳይዋ ጋር መሆኑ ነው። ከስር ወንዙ ያብለጨልጫል፣ ልጄ በሰላም ይጠባል፣ አስር አለቃ «እህም» ይላል።

ሞጆ ባቡሩ ሌላ ባቡር ለማሳለፍ ይቆማል። የእናቴ ቤት ከጣቢያው ሩቅ አይደለም፤ አስር አለቃ «እናቷ እጅ እስክትገባ ነው የተባልኩት» ብሎ ተከተለኝ። እናቴ ደጃፏ ላይ ግድግዳውን ይዛ ቆማ ነበር፤ የባቡሩን ፉጨት ሰምታ ነው። በዚያች በቀረቻት ዓይን ያየችው ቅርጻችንን ብቻ ነው፦ ሴት ልጇ ከፊት፣ ከኋላ ደንብ ልብስና ጠመንጃ።

«ወይኔ ልጄን! ምን አጥፍታ ነው?»

«ምንም አላጠፋችም፣ እማማ።»

«አንተስ ማነህ?»

አስር አለቃ ገመቹ ኮፍያውን አወለቀ። አሰበ።

«እኔ… ቢላዋ ነኝ።»

እናቴ ሳቅ አታውቅም ነበር፤ አባቴ ከሞተ ወዲህ ማለቴ ነው። ያን ቀን ግን ግድግዳውን ለቃ በሁለት እጇ ሆዷን ያዘች። ነገሩን አንድ በአንድ ስነግራት እየሳቀች ልጁን ተቀበለችኝ። ከዚያ ሳቋ ቀስ ብሎ ቆመ። ወደ ደጃፉ ብርሃን አወጣችው። ፊት ለፊት አይታያትምና አንገቷን ወደ ጎን አዘንብላ፣ ዶሮ ጥሬ እንደምታይ፣ በዓይኗ ጠርዝ አየችው። ግንባሩን አየች። አገጩን አየች። ጆሮውን ገልጣ አየች። ብርሃኑ እስኪዞር ድረስ ቆመች።

«የአባትሽ ጆሮ» አለች። «ይኸው፣ አየሁት። አሁን ቢጨልምም ይጨልም።»

ከዚያ አንገቷን ወደ ፖሊሱ አዘነበለች። «አንተም ቅረብ። ዓይኔ ሳለ አንተንም ልይህ እንጂ።»

ያ ረጅም ሰው ደጃፉ ላይ ተንበረከከ። እናቴ አገጩን ይዛ ፊቱን ወደ ብርሃኑ አዙራ፣ በዓይኗ ጠርዝ ጥሩ አድርጋ አየችው። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ፣ «እንዲህ ያለ ቢላ ከየት ነው የገዛሽው?» አለችኝ።

አስር አለቃ መሀረቡን ፈትቶ ካራዬን አወጣና በልጄ ትራስ ስር አስቀመጠው። ባቡሩ ሲያፏጭ እየሮጠ ሄደ።

እናቴ ያ ክረምት ሳይወጣ ጨለመባት። ከዚያ በኋላ የተወለዱትን ልጆቼን በመዳፏ ነው የምታውቃቸው፤ የመጀመሪያውን ግን «ፊቱን አውቀዋለሁ» ትላለች፣ ጢም ካወጣም በኋላ። አስር አለቃ ገመቹ የልጄ የክርስትና አባት ሆነ። እማማ ጥሩነሽ ለክርስትናው ድግስ «ቢላው የት አለ? ይቅረብ!» ሲሉ ሥጋ የሚቆርጡት ሁሉ ቢላቸውን ይዘው ተነሱ፤ የተጠራው ግን እሱ ነበር።

እናቴን በኋላ አቃቂ አመጣኋት፤ አብራን ኖረች። አስር አለቃ ሸብቶ፣ ጎብጦ፣ ጡረታ ወጥቶ፣ የፊት ጥርሱ ወልቆ ሊጠይቃት ይመጣል። አገጩን ይዛ ወደ ብርሃኑ ታዞረውና አንገቷን አዘንብላ ቆም ትላለች።

«አንተ ግን ምንም አላረጀህም!» ትለዋለች።

እሱም ሁልጊዜ ቀጥ ብሎ፣ ተረከዙን ገጭ ያደርጋል።

«ጥሩ ብረት አይዝግም፣ እማማ።»